ከችሎት ብወጣ ከሃዲ እሆናለሁ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

29 ዓመቴ ነው። በአንዲት ወረዳ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሕግ ስማር አልጋዬ ራስጌ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ፎቶ ለጥፌ ነበር፤ ጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ የተነሡትን። ጓደኞቼ ሁሉ ጥብቅና ሲሉ እኔ «ካባውን ነው የምፈልገው» እያልኩ ነው የተመረቅሁት።

አሁን ግን ደከመኝ። ከአራታችን ዳኞች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ችሎት ላይ «አንቺ ልጅ» ብሎ የሚጠራኝ ተከራካሪ አለ። ለፋሲካ ዋዜማ አንድ ባለጉዳይ በዘመድ በኩል እናቴ ቤት በግ ላከ። እናቴ የክርስትና ልጇ የላከላት መስሏት ተቀበለች። በማግሥቱ አስመለስኩት፤ ከተማው ግን የመጣውን እንጂ የተመለሰውን አያወራም። የሰውዬው መዝገብ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።

ከሁሉም የባሰብኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ጉዳይ ቀርቦልኝ ነበር። ምስክሮቹ በሙሉ ቃላቸውን ቀየሩ፤ ቤተሰቦቿ «18 ሞልቷታል» አሉ፤ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማስረጃ የለኝም አለ። በነጻ አሰናበትኳቸው። ልጅቷ ከችሎት ስትወጣ ዞራ አየችኝ። ያ ዐይን አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ልጃችን ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ አባቷን በወር አንዴ ታየዋለች። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አዲስ አበባ የጥብቅና ቢሮ ከፍታ «ነይና አብረን እንሥራ» ትለኛለች። ባለቤቴ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል። እኔ ግን ብወጣ ያንን ፎቶ የከዳሁት ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ

*

እህቴ፣ ከፎቶው ልጀምር፤ የያዘሽ እሱ ይመስለኛልና።

ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽው የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ረጅም መንገድ እሱ ላይ አይታይም። ወይዘሮ መዓዛ አሶሳ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት በከፍተኛ ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኑ። ያኔ ዕድሜያቸው ካንቺ ያነሰ ነበር። በችሎት የቆዩት ግን ከ1981 እስከ 1984 ገደማ፣ ሦስት ዓመት ያህል ነው። ከዚያ ወጡ። ወደ ፍርድ ቤት የተመለሱት ከ26 ዓመት በኋላ፣ በቀጥታ በፕሬዚዳንትነት ነው፤ ጥር 2015 በፈቃዳቸው እስኪለቁ አራት ዓመት ከጥቂት ወር ሠሩ። ስትደምሪው ከ34 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት የነበሩት ሰባቱን ብቻ ነው። አንቺ የወረዳ ዳኝነትሽን አራተኛ ዓመት ይዘሻል፤ በመጀመሪያው ዙር እሳቸው ከቆዩበት በልጠሻል። ስለዚህ «ብወጣ ከዳሁ» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው አስቀምጪው። ፎቶው ላይ ያሉት ሴትም ወጥተዋል።

ይህን ያልኩት ግን ውጪ ለማለት አይደለም። ወጥተው ምን እንደሠሩ ስታዪ፣ ዞራ ያየችሽ ልጅ ጉዳይ እዚያ ውስጥ አለ።

የሕገ መንግሥት ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ ከሌሎች ሴት የሕግ ባለሙያዎች ጋር በ1987 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቁመው መሩት። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ጥብቅና ቆመ። ከሁሉም የታወቀው የአርሲዋ የ14 ዓመት ተማሪ ጉዳይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሮጥ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ሁለት ዓመት ከተጓዘ ክርክር በኋላ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች። አንቺ ሕጉን ስለምታውቂው ላሳጥረው፦ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቆም መንገድ ይከፍት ነበር። እሷን ነጻ ያወጣት ዳኛ ያንን አንቀጽ ሊሰርዘው አይችልም። ያንን የሚያደርገው ሌላ ሥራ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ፣ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ያደረገው የጋብቻ ዕድሜም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ሆነ፤ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሚያደርገው ድንጋጌም ቀረ። ማኅበሩ ለሁለቱም ለውጦች ዓመታት ሲወተውት ነበር፤ በእጁ የነበረው ዋና መከራከሪያም ለነጻ ጥብቅና ከመጡ ሴቶች መዝገብ የተሰበሰበ ነው።

ውጪውም ምቹ እንዳይመስልሽ። በ1994 መባቻ ማኅበሩ በፍትሕ ሚኒስቴር ታግዶ ሥራው ቆሞ ነበር፤ እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ሥራውን ክፉኛ አዳከመው። እስኪሻር አሥር ዓመት ፈጀ። ከችሎት የወጣች ሴት ከጫና አልወጣችም።

(በችሎት የቀሩትም አልተመቻቸውም። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በ1994 ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቀዱ፤ ሰውዬው ወዲያው መልሰው ታሰሩ። ዳኛዋ ግን ትእዛዛቸውን በመዝገብ አስፍረው ነበርና ዛሬም የሚወራው የእሳቸው ትእዛዝ ነው።)

አሁን ወዳንቺ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሦስት የተለያዩ ሕመሞች በአንድ ቃል፣ «ደከመኝ» በሚለው፣ ታስረው አገኘኋቸው፦ የበጉ ነገር፣ የልጅቷ መዝገብ፣ የባለቤትሽ ርቀት። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ጥብቅና የሚፈታው አንዱን፣ ቢበዛ አንዱን ተኩል ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በጉን መመለስሽ ትክክል ነው፤ የጎደለው ወረቀት ነው። በቃል የተመለሰ ስጦታ በከተማ ወሬ ፊት ምስክር የለውም። ዛሬ ነገ ሳትዪ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አጭር ማስታወሻ ጻፊ፦ ማን አመጣው፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ተቀበለ፣ መቼ በማን በኩል ተመለሰ፣ ሲመለስ ማን አየ። ስሜትሽን አትጻፊበት፤ አንድ ገጽ አይሙላ። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ አንድ ቅጂ ቤትሽ ይቀመጥ። መዝገቡ ገና አንቺ ዘንድ ስለሆነ ሁለተኛ እርምጃ አለው፦ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት የሆነውን ተናገሪና በመዝገቡ አስፍሪው፤ ወይም ራስሽን ከመዝገቡ አንሺ። እኔ ብጠየቅ መነሣቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ለሰውዬው ብትፈርጂ «በጉ ሠራ» ይባላል፣ ብትፈርጂበት «በጉ ስለተመለሰ ተናዳ ነው» ብሎ ይግባኝ ላይ ይጽፈዋል። ያንቺ ንጽሕና በዚያ መዝገብ ላይ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም።

ለእናትሽ ደግሞ የሕግ ትምህርት አያስፈልጋቸውም፤ የሚሉት ቃል ስጪያቸው። «ልጄ የሥራዋን ነገር እኔ ዘንድ አታመጣም፤ እኔም አልወስድላትም።» ይችው ናት። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት በተለይ፣ ከዘመድ ውጭ የመጣ ነገር፣ ኪሎ ቡናም ቢሆን፣ ደጅ ላይ ይመለስ። እሳቸውም ተሸማቀው ይሆናልና አትቆጫቸው። «አንቺ ልጅ» ለሚልሽ ተከራካሪ ግን በንዴት አትመልሺለት፤ ለሁሉም የሚሠራ ወግ አድርጊው። ችሎቱ ሲሰየም ተከራካሪዎች «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው እንዲናገሩ አስቀድመሽ አስታውቂ፤ ሲዘነጋ ንግግሩን አስቁመሽ ከመጀመሪያው አስጀምሪው። ሦስት አራት ጊዜ ሲደገም ችሎቱ ይለምደዋል።

ልጅቷ ላይ ቆየት ልበል፤ ደብዳቤውን ያስጻፈሽ እሷ ነችና።

በቀረበልሽ ማስረጃ ማሰናበትሽ ስሕተት አይደለም። ያለ ማስረጃ የሚፈርድ ዳኛ ለሌላዋ ልጅ ይበልጥ ያስፈራል። ግን «ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማስረጃ የለኝም አለ» በሚለውና «በነጻ አሰናበትኳቸው» በሚለው መሀል አንድ በር ነበረ፤ የሥራ ብዛት አስረስቶሽ ይሆናል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 143 ፍርድ ከመስጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ፣ ለፍትሕ አስፈላጊ የመሰለውን ምስክር ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲጠራ ይፈቅዳል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648፣ በያለ ዕድሜ ጋብቻ ክስ፣ ጭብጡ ከሞላ ጎደል ዕድሜ ነው፤ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነውና ዕድሜው ወንጀሉንም ቅጣቱንም ይወስናል። ዕድሜ ደግሞ በጎረቤት አፍ ብቻ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። አንደኛ ክፍል የተመዘገበችበት የትምህርት ቤት መዝገብ አለ። የክትባት ካርድ አለ። የክርስትና ምስክር ወረቀት ሊኖር ይችላል። የታላቅና የታናሽ ልደት አለ፤ ታላቋ 17 ከሆነች ታናሿ 18 አትሆንም። የሐኪም የዕድሜ ምርመራን ብቻውን አትመኚ፤ አጥንት አይቶ የሚሰጠው ግምት ነው፣ ከእውነተኛው ዕድሜ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ ይችላል፤ በ17 እና በ18 መሀል ያለውን ክርክር አይፈታም። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፦ ፖሊስ የሐኪም ወረቀት ብቻ ያያይዛል፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አይጠራም፣ ምስክሮቹ የሠርጉ እድምተኞች ብቻ ይሆናሉ፣ እድምተኛ ደግሞ በእርቅ ይመለሳል።

ይህን የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም። «ምንም ማድረግ አልችልም ነበር» ብለሽ ከወጣሽ፣ ያ ስሜት ጥብቅና ቢሮ ድረስ ይከተልሻል፤ እዚያም ምስክር ቃሉን ይቀይራል። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ሥራ ሥሪ። ባለፉት አራት ዓመታት የወሰንሻቸውን ተመሳሳይ መዝገቦች ከሬጅስትራር አስወጥተሽ፣ ስም ሳትጠቅሺ፣ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሪ፦ ዕድሜው በምን ማስረጃ ቀረበ፣ ስንት ምስክር ተጠራ፣ ስንቱ ቃሉን ቀየረ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ለፕሬዚዳንቱ አሳውቂ፤ በፍትሕ አካላት የጋራ መድረክ ላይ ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር በእጅሽ ይዘሽ ተነጋገሪበት። ስለ አንድ መዝገብ ውጤት አታወሪም፣ ስለ ማስረጃ አሰባሰብ ግን ትችያለሽ። ማኅበሩ የቤተሰብ ሕጉን ለማስቀየር ይዞት የሄደውም የዚህ ዓይነት ወረቀት ነው። ዳኛ ሆነሽ ብትቀሪም ጠበቃ ብትሆኚም ይጠቅምሻል።

የባለቤትሽ ርቀት እውነተኛ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ዓመት ከአራት ወር የሆናት ልጅ አባቷን በወር አንዴ ስታይ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ለእሱም፣ ላንቺም። ግን እዚህ ጋ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲል፣ እሱ ወደ አንቺ የሚመጣበት መንገድ ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ? ወይስ የሚንቀሳቀሰው ሰው ማን እንደሆነ ሳይነገር ተወስኗል? መልሱ «ሥራው አይፈቅድም» ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ተነጋግራችሁበት ይሁን።

አዲስ አበባ መግባት ደግሞ የግድ ጥብቅና ማለት አይደለም። ከክልል ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዝውውር የለም፤ ሹመትሽ ከክልሉ ምክር ቤት ነውና። ግን የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የዳኝነት ማስታወቂያ ሲያወጣ እንደማንኛውም አመልካች መወዳደር ትችያለሽ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት ዕጩዎች በጉባኤው ተመልምለው፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ቀርበው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ማስታወቂያውም በፈለግሽበት ወር አይወጣም። ዛሬውኑ ልታዘጋጂ የምትችይው የውሳኔዎችሽን ስብስብ ነው፤ በደንብ የተጻፉ፣ ጭብጥና ማስረጃ በቅደም ተከተል የተተነተነባቸው አምስት ስድስት ፍርዶች ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣሉ።

ጓደኛሽ ያቀረበችው ጥሪ ግን መልካም ይመስላል፤ በጊዜውም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተጣምረው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዶላቸዋል፤ ቀድሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በግሉ ነበር። ስለዚህ «አብረን እንሥራ» ስትልሽ የምትለው የቱን ነው? የድርጅት ሸሪክ ልትሆኚ? ቢሮ ተጋርታችሁ እያንዳንዳችሁ በየግላችሁ ልትሠሩ? ወይስ በደመወዝ ልትቀጥርሽ? ሦስቱም ሰማይና ምድር ናቸው። የጓደኛሞች ቢሮ የሚፈርሰው በጠብ ሳይሆን ይህ ሳይነገር በመቅረቱ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የጸሐፊዋ ደመወዝ፣ አንዷ ያመጣችው ደንበኛ ክፍያ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዷ ስትወልድ ወይም ስትታመም ቀጠሮዋን ማን እንደሚይዝ፣ የደንበኛ ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ እንደሚቀመጥ፣ መለያየት ቢመጣ መዝገቦቹ ከማን ጋር እንደሚሄዱ፤ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ለሌላ ሰው ብትሆኚ ያለ ውል ግቢ አትዪም ነበር።

የገንዘቡን ነገር ከባለቤትሽ ጋር በወረቀት ሥሩት። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ እስኪወጣ በፌዴራልና በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች መቆም አትችይም። ከወጣም በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደንበኛ በዘመድና በትውውቅ ነው የሚመጣው፤ ዘመድ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚከፍለው። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪያችሁ፣ የልጅቷን ተንከባካቢ ጨምሮ፣ ሳይነካ ተቀምጦ ካልሆነ ቀኑን ግፉት። ጠበቃ ደመወዝ የለውም፤ ጠዋት ሁለት ችሎት በተለያየ ምድብ ሲገጥምሽ ልጅቷን ማን እንደሚይዛትም አሁኑኑ መልስ ይፈልጋል።

እስከዚያ አንድ ጥንቃቄ። ካባውን እስክታወልቂ ዳኛ ነሽ። ጓደኛሽ ቢሮ ሄደሽ የሒሳብ መዝገቡንና የኪራይ ውሉን እዪ፤ ደንበኛ ባለበት ግን አትቀመጪ፣ በማንም መዝገብ ላይ ሐሳብ አትስጪ። ከወጣሽ በኋላም በዳኝነት ያየሽውን ጉዳይ በጥብቅና አትያዢም፤ የቅርብ ዘመድ ቢለምንሽም።

ለመውጣት ከወሰንሽ፣ የማስታወቂያውን ጊዜ ከክልልሽ የዳኞች አስተዳደር አዋጅ አይተሽ ለጉባኤው በጽሑፍ አመልክቺ፤ ከዚያ በፊት ግን ክርክር አልቆ ለፍርድ የተቀጠሩትን መዝገቦች ጻፊያቸው። አንቺ ምስክሩን በዐይንሽ አይተሻል፤ ተተኪው ዳኛ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያነበው፣ ባለጉዳዩም ሌላ ስድስት ወር ይመላለሳል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ የዳኝነት ዘመንሽ ከቀን እስከ ቀን ተለይቶ መጻፉን ሳታረጋግጪ ከከተማው አትውጪ፤ ለጥብቅናው ፈቃድ ማመልከቻ መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው፣ ከርቀት ማስተካከል ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ከክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት በፊት ማስታወሻውን፣ ሠንጠረዡንና ከባለቤትሽ ጋር የምታደርጉትን ንግግር ጨርሺ። ከዚያ ዕረፍቱን አዲስ አበባ ከልጅሽና ከአባቷ ጋር አሳልፊውና ጻፊልኝ። በተለይ ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ፦ ያ በግ እናትሽ ቤት ባይመጣ፣ ያቺ ልጅም ዞራ ባታይሽ፣ በዚህ ዓመት ስለ መውጣት ታስቢ ነበር?